«ግራሲያስ» ብለው እንዳይራቡ

ስፓኒሽ ወደሚነገርበት አገር ለመሄድ ሻንጣ እያሰናዱ ያሉ አንባቢ ሆይ፣ በርበሬውንና ሽሮውን ቋጥረው ሲጨርሱ ለዚህች ምክር ጥቂት ቦታ ይተዉላት። ስለ ቪዛ፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ብርድ የሚመክርዎ ዘመድ አይጠፋም። አንድ ሰው «ቡና ልጋብዝዎ?» ሲልዎ ምን ብለው እንደሚመልሱ የሚነግርዎ ግን የለም። በዚህች አንዲት መልስ ሳቢያ ደግሞ በጨዋ ቤት ያደገ ስንት ሰው ጦሙን ውሏል።

ጥፋቱ የአስተዳደጋችን ነው። በመጀመሪያው ግብዣ «እሺ» የሚል ሰው ምን ተብሎ እንደሚታማ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን። ስለዚህ መጀመሪያ «ኧረ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» እንላለን። አለመብላታችንን ጋባዡ ያውቃል፤ ማወቁን እኛም እናውቃለን። ቀጥሎ «ግድ የለም፣ አትቸገሩ» ይመጣል። ሦስተኛው ላይ «በሞቴ!» ስንባል፣ የሰው ነፍስ በእጃችን እንዳይጠፋ ብቻ ብለን ወደ ማዕዱ ቀረብ እንላለን፤ ከዚያም ከሁሉ አብልጠን እንበላለን። ያማረ ሥርዓት ነው። አንድ እንከን ብቻ አለው፤ ሁለቱም ወገን ካልተማረው አይሠራም።

የማድሪድ ጋባዥ አልተማረውም። ቡና ይፈልጉ እንደሆነ ይጠይቅዎታል። አይ ሲሉት ቅንድቡን ከፍ አድርጎ «ሴጉሮ?» ይላል፤ እርግጠኛ ነህ እንደማለት ነው። ይህችን ቃል አጥብቀው ያጥኗት፤ ከእሷ ወዲያ ሌላ ጥያቄ የለም። በድጋሚ አይ ካሉ ሰውየው ዞር ብሎ ለራሱ ብቻ ይቀዳል፣ ፊት ለፊትዎ ይጠጣል፣ ያውም ምንም ሳይከፋው። የነገሩትን አምኖ ነው። መታመን እንዲህ ያለ ጉዳት እንዳለው አገርዎ ሳሉ አላስተዋሉት ይሆናል።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ምስጋናው ራሱ ነው። «ትንሽ ወይን ልቅዳልዎ?» ለሚል ሰው «ግራሲያስ» ብቻ ብለው ዝም ካሉ፣ በተለይ እጅዎ ከፍ ካለ ወይም ራስዎ ወደ ጎን ከተወዘወዘ፣ ጠርሙሱ ወደ ጎረቤትዎ ያልፋል። ይህ እንኳ አዲስ ሊሆንብዎ አይገባም፤ እኛም ቤት «ይጨመርልዎ?» ሲባል «አመሰግናለሁ» ብቻ ያለ ሰው ጭልፋው ይዘለዋል። ነገር ግን ሰው በባዕድ ቋንቋ ሲደነግጥ መጀመሪያ የተማራትን ቃል ይመዛል፤ ሁላችንም መጀመሪያ የምንማራት ግራሲያስን ነው። መድኃኒቱ ከፊቷ «ሲ»ን፣ የእነሱን አዎ፣ ማስቀደም ነው። «ሲ፣ ግራሲያስ።» «ሲ፣ ፖር ፋቦር።» በየጠዋቱ መስታወት ፊት ቆመው ይለማመዱ። ሲለማመዱ ራስዎን ወደ ታች ይነቅንቁ እንጂ እንደ አገርዎ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበው አዎ እንዳይሉ። እርስዎ የተስማሙ ይመስልዎታል፤ እነሱ አምቡላንስ ይጠራሉ።

ፊት ለፊት «ሲ» ማለት ለሚያሳፍረው የቤተሰብ ልጅም መላ አለ። «ቤንጋ፣ ባሌ» የምትል አነጋገር አለች፤ «እሺ በቃ፣ ካልክ» ዓይነት፣ የፈለጉትን ነገር ለሰው ብለው የተቀበሉ የምታስመስል። ከኋላዋ «ፔሮ ኡን ፖኪቶ»ን ያክሉባት፤ «ትንሽ ብቻ» ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ሳህንዎ ቢሞላ የእርስዎ ጥፋት አይደለም።

ምስጋናን በተመለከተ ግን ስፔን ውስጥ ቆጠብ ይበሉ። ባር ገብተው ባንኮኒው ፊት ሲቆሙ «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ካላስቸገርኩዎት፣ አንድ ቡና ባገኝ እጅግ አመሰግናለሁ» የሚለውን ከአማርኛ ወደ ስፓኒሽ መልሰው እስኪጨርሱ ከኋላዎ ያሉት ሰዎች ጠጥተው ይወጣሉ። ጎረቤትዎ «ፖንሜ ኡን ካፌ» ብሎ፣ አንድ ቡና ቅዳልኝ ብሎ፣ ያዛል፤ አስተናጋጁም አይቀየምም። ትሕትና የግድ ካስፈለገዎ «ኩዋንዶ ፑዌዳስ»ን ያክሉ፤ ሲመችህ ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ማንኪያ፣ ለእያንዳንዱ ሶፍት የሚያመሰግን ሰው እዚያ እንደ ጨዋ አይቆጠርም፤ አንድ ነገር ደብቋል ይባላል። አንቱታም እንዲሁ ነው። የጓደኛዎን እናት «ኡስቴድ» ሲሏቸው ደስ የሚላቸው እንዳይመስልዎ፤ አስረጀኸኝ ብለው ሊቆጡ ይችላሉ። ቦጎታ ላይ ግን ባልና ሚስት እንኳ ኡስቴድ ሊባባሉ ይችላሉ። በዚህ ጉዳይ ላይ ምክር የለኝም፤ ሰውየው እንዴት እንደጠራዎ አይተው ያንኑ ይመልሱለት።

አሁን ወደ ከባዱ ፈተና እንምጣ። የሚበላ ሰው ካለበት ክፍል ሲገቡ፣ በተለይ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰዎች፣ ቀና ብለው «ጉስታ?» ይሉዎታል። ልብዎ በደስታ ይዘላል። «እንብላ» ነው! የአገር ሰው አገኘሁ ብለው እጅዎን ሊታጠቡ ይነሳሉ። ይቀመጡ። ይህ እንብላ የሚባለው ላለመብላት ነው። ሰውየው የያዘው ግማሽ ዳቦ ነው፤ እርስዎ እንዲወስዱለት አልተዘጋጀም። «ግራሲያስ፣ ኬ አፕሮቤቼ» ብለው፣ ምግቡን ይስማማህ ብለው፣ ያልፋሉ። ጉርሻ የሚጠብቅ አፍዎን ግን ይዝጉ።

ጠረጴዛ ከበው ሲቀመጡ ደግሞ እውነተኛው ግብዣ ይመጣል፤ እውነተኛው ግብዣ ስፔን ውስጥ ብዙውን ጊዜ አሳማ ነው። ክርስቲያንም ይሁኑ ሙስሊም እዚህ ላይ ችግርዎ አንድ ነው። «ሥጋ አልበላም» ማለት አይበቃም፤ «ካርኔ» የሚለው ቃል በብዙ ስፔናዊ አእምሮ ውስጥ ኻሞንን አይጨምርም። ሥጋ አልበላም ላሉት እንግዳ ስስ ስስ ተደርጎ የተቆረጠውን ይህንኑ የአሳማ ታፋ በክብር የሚያቀርቡ ደግ ሴት ተንኮል የለባቸውም፤ አትክልት የሰጡዎ ያህል ነው የሚሰማቸው። ምስር ነው ብለው በእፎይታ ማንኪያ ሲያነሱም ከሥር ቀይ የቾሪሶ፣ የአሳማ ቋሊማ፣ ቁራጭ ብቅ ይላል። ስለዚህ በስም ይጥሩት፦ «ኖ ኮሞ ሴርዶ»፣ አሳማ አልበላም። ቀጥለውም ኻሞንም፣ ቾሪሶም ብለው ይዘርዝሩ፤ ውል እንደሚፈርም ሰው አንዱንም አይርሱ። በዐቢይ ጾም ከሄዱ ዕድለኛ ነዎት፤ በእነሱም ጾም የሚሠራ ሽምብራና ስፒናች ያለበት ወጥ አለ። ውስጡ ያለው ደረቅ ዓሣ ይጾማል ወይስ አይጾምም የሚለውን ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩበት።

አሳማ አልበላም ሲሉ ጠረጴዛው ለአፍታ ዝም ቢል አይደንግጡ። ያ ዝምታ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1492 አይሁድ ከስፔን ከተባረሩና ሙስሊሞችም ከዚያ በኋላ በግድ እንዲጠመቁ ከተደረገ ወዲህ፣ አሳማ መብላት የክርስትና ማስረጃ ሆኖ ኖሯል፤ ያልበላ ሰው ሃይማኖት በሚመረምሩት የኢንኩዊዚሽን ዳኞች ፊት ሊጠረጠር ይችል ነበር። በዚያ ዘመን ቢሄዱ ኖሮ ይህች መልስዎ መዝገብ ታስከፍትብዎ ነበር። ደግነቱ መከላከያዎን ዐፄ ገላውዴዎስ አስቀድመው ጽፈውልዎታል። የካቶሊክ ሚስዮናውያን የሆኑት ኢየሱሳውያን ስለ ቅዳሜ፣ ስለ ግዝረትና ስለ አሳማ በወቀሱን ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1555 ባወጡት የሃይማኖት መግለጫ፣ አሳማ የማንበላው እንደ አይሁድ በኦሪት ሕግ ታስረን አይደለም፣ የሚበላውን አንጸየፍም፣ የማይበላውንም አናስገድድም ብለው አስረድተዋል። ለማዕድ ጠብ ከዚህ የተሻለ መልስ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ቃል በቃል ወደ ስፓኒሽ አስተርጉመው ኪስዎ ውስጥ ይያዙት።

እስካሁን ያጠኑትን ሁሉ ግን ቦነስ አይረስ ሲደርሱ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ይጣሉት። አርጀንቲናና ኡራጓይ ውስጥ የማቴ ክብ የሚባል ነገር አለ፤ እንደ እርስዎ ያለ አመስጋኝ ሰው ወዲያው የሚወድቅበት ቦታ ነው። ማቴ ከቅጠል የሚዘጋጅ መራራ መጠጥ ነው። የተፈጨው ቅጠል ትንሽ ቅል ውስጥ ይጨመራል፣ ያልፈላ ግን የሞቀ ውሃ ይፈስበታል፣ ጫፉ ወንፊት ባለው የብረት መምጠጫ ይጠጣል። ቀጂው አንድ ሰው ነው፤ ሴባዶር ይሉታል። የመጀመሪያውንና መራራውን እሱ ራሱ ይጠጣል፣ ከዚያ ቅሉን እንደገና ሞልቶ ለአንዱ ይሰጣል። ያ ሰው ውሃው እስኪያልቅና መምጠጫው ድምፅ እስኪያሰማ ድረስ ጠጥቶ ለቀጂው ይመልሳል። ቀጂው ደግሞ ሞልቶ ለሚቀጥለው። ሁሉም በአንድ ቅል፣ በአንድ መምጠጫ። የሚጸየፍ ሰው ካለ አሁኑኑ ቤቱ ይግባ፤ ፖፕ ፍራንሲስ እንኳ በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ከሕዝቡ መሐል የሚዘረጋላቸውን ማቴ እየተቀበሉ ይጠጡ ነበር።

ተራው እርስዎ ዘንድ ደረሰ እንበል። ቅሉን በሁለት እጅዎ ይቀበላሉ፤ መልካም። መምጠጫውን እንደ ሻይ ማንኪያ ማማሰል ያምርዎታል፤ አይንኩት፤ የቀጂውን ሥራ ማፍረስ ነው። ጠጥተው ይጨርሳሉ። ቅሉን ሲመልሱ፣ እናትዎ ያስተማሩዎትን አስበው፣ ከልብዎ ፈገግ ብለው «ግራሲያስ» ይላሉ። በቃ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቅሉ ወደ እርስዎ አይመጣም። እዚያ ክብ ውስጥ ግራሲያስ «ይብቃኝ» ነው። ሰዎቹ በአቦል ተነስቶ እንደሄደ እንግዳ ያዩዎታል፤ እርስዎ ደግሞ ምን አጠፋሁ እያሉ ሲዞር ያያሉ። ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው፦ ማቴ ካማርዎ ውለታ ቢስ ይሁኑ። ይቀበሉ፣ ይጠጡ፣ ይመልሱ፣ ዝም ይበሉ። ምስጋናዎን በሙሉ ለመጨረሻው ዙር ያጠራቅሙት።

ሜክሲኮ ላይ ግን ወገብዎን ይፍቱ፤ አገርዎ ገብተዋል። ጣሊያን በወረረን ጊዜ በመንግሥታቱ ማኅበር ውስጥ ከጎናችን ከቆሙት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች፤ አዲስ አበባ ላይ ሜክሲኮ አደባባይ ያለን በነፃ አይደለም። እነሱም ከተማቸው ውስጥ ኢትዮጵያ የሚባል የባቡር ጣቢያ አላቸው፤ በሜትሮው 3ኛ መስመር ላይ ነው፣ ምልክቱም የአንበሳ ራስ ነው። መንገድ ከጠፋብዎ ወደዚያ ይሂዱ፤ ቢያንስ ስሙን ማንበብ አይቸግርዎትም።

ሜክሲኳዊ ጋባዥ ሦስት ጊዜ አይ ማለትን ያውቃል። መጀመሪያ «ኖ፣ ኮሞ ክሬ!» ይበሉ፤ «ኧረ እንዴት ተደርጎ!» ዓይነት ናት። እሱ ይገፋል። እርስዎ ላስቸግርዎ አልፈልግም ይላሉ። እሱ ታኮውን ታኪቶ፣ ቡናውን ካፌሲቶ እያለ ያሳንሰዋል፤ ያነሰ ነገር እምቢ አይባልምና። በመጨረሻም ዴሳይሬ እንዳያደርጉበት ይለምናል፤ ንቀኸኝ ነው ወይ ማለቱ ነው። ይህ የእነሱ «በሞቴ» ነው፤ እዚህ ላይ እጅ ይስጡ። ስጦታ ይዞልዎ ሲመጣም «ኖ ሴ ኡቢዬራ ሞሌስታዶ» ብለው ወቀስ ያድርጉት፤ ምን አስቸገረህ ብሎ መቆጣት የምስጋና ክብሩ እዚያም እንደዚሁ ነው። ሊሄዱ ሲነሱ የቤት እመቤቷ ከተረፈው ምግብ ጠቅልላ ታስይዝዎታለች፤ ኢታካቴ ይባላል። እምቢ አይባልም። ከምግቡ ይልቅ የሚጎዳዎ የእቃው ነገር ነው፤ ሳህኑን ባዶውን አይመልሱ።

አንድ አደጋ ግን አለ። ሜክሲኳዊ ስለ ገዛ ቤቱ ሲያወራ በትሕትና «የእርስዎ ቤት» ይላል። «ዓርብ ማታ በቤትዎ እንጠብቅዎታለን» ሲልዎ፣ ዶሮ ወጥ ሠርተው፣ ቤትዎን ጠርገው፣ ቄጠማ ጎዝጉዘው ሊጠብቁት ይችላሉ። እሱም በበኩሉ ቤቱ ሆኖ ይጠብቅዎታል። ዓርብ ሌሊት ሁለታችሁም ተቀያይማችሁ ትተኛላችሁ። እንዲህ ሲባሉ አድራሻ ይጠይቁ፤ ቤቱን ራሱን ግን አይጠይቁ፤ የእርስዎ ነው የተባለው ለማክበር ነው፣ ካርታው አይዛወርም።

መንገድ ላይ ደግሞ ትምህርቱ ይገለበጣል። ለሻጭ እጅዎን አነሳ አድርገው «ግራሲያስ» ካሉ አልገዛም ብለዋል፤ ሻጩም ይረዳል። «አኦሪታ ኖ» ካሉም አሁን አይደለም ብለዋል፤ መቼ እንደሆነ ማንም አይጠይቅዎትም። እንደ እኛ «ቆይ ስመለስ» ናት፤ ሁለቱም ወገን መመለስ እንደሌለ ያውቃል። ከሩቅ ሆኖ መንገድ የለቀቀልዎን ሹፌር ለማመስገን የእጅዎን ጀርባ ወደ እሱ አዙረው ከፍ ያድርጉ፤ ቃል አያስፈልግም። ከምግብ ቤት ሲወጡም በማያውቋቸው ሰዎች ጠረጴዛ አጠገብ ሲያልፉ «ፕሮቤቾ»፣ ይስማማችሁ፣ ይበሉ። እኔ በበኩሌ ከዚህች ልማድ የምትበልጥ የከተማ ጨዋነት አላውቅም።

ኮሎምቢያ የቡና አገር ስለሆነች ተፎካካሪን በጥንቃቄ ይቅረቡ። «ቲንቶ» ይሰጥህ ቢሉዎ ጥቁር ቡና ነው፤ ያንኑ ቃል ስፔን ላይ ቢሉት ቀይ ወይን ይቀዳልዎታል፤ ይህን ልዩነት ከቁርስ በፊት መማር ይጠቅማል። ኮሎምቢያውያን ቡና ሲያዙ «ሜ ሬጋላ ኡን ቲንቶ?» ይላሉ፤ ቲንቶ በስጦታ ትሰጠኛለህ? ቃሉን ሰምተው በነፃ ነው ብለው እንዳይደሰቱ፤ ሒሳብ ይመጣል። ኢኳዶር ደጋ ላይ ግን «ዲዮስ ሌ ፓጌ» ሲሉዎ ወገኖችዎ መካከል እንዳሉ ይሰማዎታል፤ እግዜር ይስጥልኝ ነው፣ ክፍያውን ወደ ላይ ያስተላልፉታል። ኮስታሪካ ላይ ላመሰገነዎ ሰው «ኮን ሙቾ ጉስቶ» ይበሉ፤ በደስታ ነው ማለት ነው። ኩባ ላይ አንዲት ሻጭ ዳቦ እያቀበለች «ሚ አሞር» ካለችዎ፣ ፍቅሬ ማለቷ ነው፣ ግን ሽማግሌ አይላኩ፤ ከእርስዎ በኋላ ለተሰለፉት አዛውንትም ይህንኑ ትላለች። ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ በልጅነታቸው ወደ ኩባዋ ደሴት ወደ ኢስላ ዴ ላ ሁቤንቱድ ተልከው እዚያ የተማሩ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ ካላመኑኝ እነሱን ይጠይቁ።

የቀረው የሒሳብ ጉዳይ ነው፤ ለዚህ ወደ ስፔን እንመለስ። ሒሳብ ሲመጣ ስፔናውያን እንደ እኛው ይታገላሉ። «ኢንቢቶ ዮ»፣ የምጋብዘው እኔ ነኝ፣ ያለው ይከፍላል፤ እርስዎም ቀድመው ካላሉ የሚቀጥለው ዙር የእርስዎ ነው። ዙሩ መቼ እንደሚያበቃ ደግሞ ማንም አይናገርም፤ «የመጨረሻዋ» ማለት ገድ የለሽ ስለሆነ «ላ ፔኑልቲማ»፣ ከመጨረሻው በፊት ያለችው፣ ይላሉ። ከእሷም በኋላ ሌላ ፔኑልቲማ ትመጣለች። ገንዘብዎን ቆጥረው ይግቡ። ሲለያዩም «እስቲ እንገናኝ» ካሉዎ ቀንና ሰዓት እስኪነገርዎ ድረስ ልብስ አይተኩሱ።

ከሁሉ በላይ ግን ይህን ያስታውሱ፦ በስፔን ልማድ ልደቱን የሚያከብረው ሰው ነው ጓደኞቹን የሚጋብዘው። መልካም ልደት ብለው የሚያቅፉዎ ሁሉ ሊበሉና ሊጠጡ የመጡ ናቸው፤ «ሲ፣ ግራሲያስ» የሚሉትም እነሱ ናቸው። ስለዚህ የተወለዱበትን ቀን አፍዎን ሞልተው አይናገሩ። አጥብቀው ከጠየቁዎ ጳጉሜን 6 ነው ይበሏቸው፤ በአራት ዓመት አንዴ ይከፍላሉ።